የየካቲት ዜሮ
ሲዘንብ ዜና ነው። ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ፣ በረዶ ጤፍ ሲያስተኛ እኛ ጋዜጠኞች እንሮጣለን። «ዛሬም አልዘነበም» ብሎ የጻፈ ባልደረባ ግን አላየሁም። እርስዎም ቢሆኑ ገዝተው አያነቡትም።

ዳንግላ አጠገብ የሚኖሩት ጋሽ ቢያድግ ይህንኑ በየማለዳው ሲዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀሩት እሳቸውና የዝናብ መለኪያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት መለኪያውን አይተው እንጅባራ ላለ መላኩ ለሚባል የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ይደውላሉ። በበጋ የሚሉት አንድ ቃል ነው፦ «የለም»። ከዚያ ስለ ገበያው፣ ስለ ኔትወርኩ ክፋት ጥቂት ይጫወታሉ። አንዳንድ ቀን ጋሽ ቢያድግ ከሰው ጋር የሚነጋገሩት ይህችኑ ብቻ ነበር።

መላኩ ሥራ በዛበት። በበጋ አይድከሙ፣ ሲዘንብ ብቻ ይደውሉ አላቸው፤ ለእሳቸው አስቦ። ዝምታቸውን በመዝገቡ ላይ ዜሮ እያለ ይሞላው ጀመር።

ጣጣው የመጣው መላኩ ለሁለተኛ ዲግሪው መልቲፍራክታል የሚሉትን ስሌት ሲጀምር ነው። እንደነገረኝ ከሆነ፣ ዝናቡን በቀን፣ በሳምንት፣ በወር እየሸነሸኑ የትንሹ ጊዜ መዋዠቅ ከትልቁ ጋር በምን ሕግ እንደሚያያዝ ማየት ነው፤ ሕግ ካለው ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ይሰለፋሉ። የመላኩ መስመር ጎበጠ። ዜሮ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል፤ ነጥቦቹ የሚቀመጡት በሎጋሪዝም ነው፣ ዜሮ ደግሞ ሎጋሪዝም የለውም። ቢጥለው በጋው አብሮ ይጠፋል። እንዳለ ቢያቆየው ደግሞ እውነተኛ ዜሮ መሆኑን ማወቅ አለበት። በተለይ አንድ የየካቲት ሳምንት ከነከነው፤ ዙሪያው ሁሉ ሲዘንብ የጋሽ ቢያድግ ግቢ ብቻ ደረቅ ነው።

አብሬው ሄድኩ። ከዳንግላ የያዝነው ጋሪ ካወረደን በኋላ ጋሽ ቢያድግን ከስተው፣ ጋቢ ተከናንበው በራቸው ላይ አገኘናቸው። ያን የየካቲት ሳምንት ታመው ከአልጋ አልወረዱም ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰምተውታል።

«ታዲያ ምነው ሳይደውሉ?»

«ያልለካሁትን ምን ብዬ ልደውል?»

መላኩ መሬት መሬት አየ። «እኛማ ዜሮ ብለን ሞላነው፣ ጋሼ።»

«ማንን? ዝናቡን ነው እኔን?»

መላኩ የሐሰት ዜሮዎቹን ሰርዞ ቦታቸውን ባዶ ተወው፤ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም። መስመሩ ጥቂት ቀና አለ፤ የቀረው ጉብጠት የእውነተኛው በጋ ነው ይላል። የየዕለቱ ስልክም ተመለሰ። ለስሌቱ ሲባል ነው አለኝ፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ጻፍኩ።

በቀጣዩ በጋ መላኩ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«የለም» አሉ ጋሽ ቢያድግ።

«ዝናቡ?» አለ መላኩ።

«ዝናቡ። እኔ አለሁ።»