ስምንቱም ይሥሩ

ሥራ ፈትነትን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ቆርጠው ከተነሡ ጥቂት ሰዎች መካከል የጋርላንድ ፕሩዊትን ስም አለማንሣት ግፍ ነው። ጋርላንድ በሰሜን ቴክሳስ፣ ዳገት የሚባል ነገር በማታውቅ አንዲት ከተማ፣ የመንገድ ጥገና ክፍል አለቃ ሆኖ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። በእሱ ዘመን አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር አንዱ ይቆፍራል፤ የተቀሩት አካፋቸውን ተደግፈው ቁፋሮው በደንቡ መሠረት መካሄዱን ይከታተላሉ፤ ጋርላንድ ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ ተከታታዮቹን ይከታተላል። ይህን የመሰለ የሥራ ባህል ያቆመ ሰው፣ በጡረታው ማግስት በገዛ መኪናው ውስጥ አራት ሥራ ፈቶች ተሸሽገው ቢያገኝ ምን ሊሰማው እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታውን አስመልክቶ ለራሱ የሸለመው መኪና ቤተሰብን ከነጎረቤቱ የሚያሳፍር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ግዙፍ ነበር። የዘመኑ ሞተር ግን ብልጥ ነው፤ ብዙ ጉልበት በማያስፈልግበት ጊዜ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል አራቱን ሲሊንደሮች ያሳርፍና በቀሩት አራት ይጓዛል፤ ዳገት ሲመጣ ያረፉትን ይቀሰቅሳል።

“ለስምንት ከፍዬ በአራት?” አለ ጋርላንድ፣ ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት በሚሰየሙበት ዶናት ቤት ጠረጴዛውን እየደበደበ።

“ታዲያ ነዳጅህን ነው የቆጠቡልህ። ምን በደሉህ?” አለው ቨርሊን፤ የልጅነት ጓደኛውና በመንገድ ጥገናው ክፍል ከታወቁት አካፋ ተደጋፊዎች አንዱ።

“ቆጥቡልኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ?”

“ለመሆኑ መተኛታቸውን በምን አወቅህ?”

“ይሰማኛላ! ድምፁ ይለወጣል። ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል።”

“ዳርሊን ‘ቆሻሻውን አውጣ’ ስትልህ ይሄ ጆሮህ የት ነው የሚሄደው?”

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ለመናገር፣ የጋርላንድ ስጋት ከባዶ የተነሣ አልነበረም። ሲሊንደሮቹ ሲያርፉና ሲነሡ የሞተራቸው ዕቃ የተሰበረባቸው ሰዎች መኖራቸው በዶናት ቤቱ በሰፊው ይወራል። ጋርላንድን ያንገበገበው ግን ስብራቱ አልነበረም። ዕረፍቱ ነው።

ስለዚህ አንዲት የክብሪት ቤት የምታህል ዕቃ በፖስታ አስመጣ። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ስትሰካ አረንጓዴ መብራቷን ታበራና ለሞተሩ አንድ አጭር መመሪያ ታስተላልፋለች፦ ማንም እንዳያርፍ። ጋርላንድ በዚያው ቀን ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ ስምንቱ በአንድ ልብ ሲያጓሩ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከቨርሊን ጀምሮ የዶናት ቤቱ ሰዎች አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ወንድማማችነት ማለት ይኸው ነው።

ስምንት ሠራተኛ ግን ስምንት አፍ አለው። መኪናው ነዳጁን እንደ ሰርግ ቤት ጠላ ይጨልጠው ጀመር። ጋርላንድ አስተዋይ ሰው ነውና ወጪውን ለመቀነስ ወዲያውኑ እርምጃ ወሰደ፤ መኪናውን ጋራዥ ዘግቶበት በቨርሊን መኪና መሄድ ጀመረ። በዚህ መንገድ ስምንቱም ሲሊንደሮች በሙሉ ዝግጁነት፣ የትም ሳይሄዱ፣ ሥራ ላይ ዋሉ።

“በቆመ መኪና ላይ ግን ዕቃዋን አትተዋት” አለው ቨርሊን አንድ ቀን። “ባትሪ ትጠጣለች። እኔ ዓሣ ለማጥመድ ስሄድ የኔን ነቅያታለሁ።”

“ዘበኛ ሌባ የለም ብሎ ይተኛል እንዴ?” አለው ጋርላንድ።

ጋርላንድ ሲሊንደር ሲጠብቅ፣ ሚስቱ ዳርሊን የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ራቅ ባለችው በአማሪሎ ከተማ የምትኖረው አንድያ ልጃቸው ኬንድራ ስንት ዓመት ከተመኘች በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። “ምጡ ሲይዝሽ እጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ” ብላ ዳርሊን ቃል ገብታለች። ሻንጣዋ ከበሩ ሥር ከተቀመጠ ሰንብቷል።

“መኪናው ደህና ነው አይደል?” ትለዋለች።

“ስምንቱም ነቅተው ይጠብቁሻል።”

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። “እማዬ፣ ጀመረኝ” አለች ኬንድራ። ዳርሊን ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ጋራዥ ሮጠች። ጋርላንድ የሹመት ቀኑ እንደደረሰ ሰው ኮፍያውን አስተካክሎ መሪው ላይ ተሰየመና ማስነሻውን ተጫነ።

“ጭክ” አለ መኪናው።

ደግሞ ተጫነ። አሁን “ጭክ” እንኳ አላለም። ማንም እንዳያርፍ በጨለማው ጋራዥ ዘብ ቆማ የሰነበተችው ዕቃ ባትሪውን እስከ አተላው ጠጥታ፣ አረንጓዴ መብራቷን አጥፍታ አርፋለች።

“አሁንስ ስንቱ ነው የሚሠራው?” አለች ዳርሊን።

ጋርላንድ ጥቂት አሰበ። “ቢያንስ አንዱ ከሌላው አልበለጠም” አለ።

ግርግሩን የሰሙት ጎረቤታቸው፣ ባል የሞተባቸው ወይዘሮ ኦርቴጋ፣ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። “ምነው ልጄ?” ዳርሊን ነገረቻቸው። “ታዲያ ለዚህ ነው? የኔን መኪና ላስጠጋና ባትሪዎቹን በገመድ አገናኝተን እናስነሣዋ!”

“ይቅርታ ያድርጉልኝና ወይዘሮ ኦርቴጋ” አለ ጋርላንድ፣ “የእርስዎ መኪና ባለ ስንት ሲሊንደር ነው?”

“ባለ አራት።”

“እንግዲህ... አራቱ ስምንቱን ሲቀሰቅሱ ሰው ቢያይ...”

“ጋርላንድ!”

“በይ ልጄ፣ ቁልፉ ይኸውልሽ፤ የኔን ይዘሽ ሂጂ” አሉ ወይዘሮ ኦርቴጋ። “እሱ እስኪወስን ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል።”

ዳርሊን የወይዘሮዋን ትንሽ መኪና ስታስነሣ፣ ጋርላንድ በታሪክና በልጅ ልጁ መካከል ቆሞ ጥቂት ተንገዳገደ። ከዚያ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጣጥፎ ጎኗ ገባ።

በመንገዳቸው ያለችውን የቺልድረስን ከተማ እንዳለፉ ጉሮሮውን ጠራረገ።

“ዳርሊን።”

“እንዳትጀምር።”

“ልጠይቅ ብቻ ነው። ከነዚህ ከአራቱ የሚያርፍ አለ?”

“እኔ ምን አውቄ! ይሄዳል አይደል?”

ጋርላንድ ጆሮውን ከፊቱ ወዳለው ዳሽቦርድ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። “የለም” አለ በመጨረሻ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አራቱም እየሠሩ ነው። ያለ መመሪያ! ያለ ዘበኛ!” ባለ ስምንቱን የገዛበትን ገንዘብ በልቡ አስታወሰ።

ደረሱ። ዳርሊን የልጇን እጅ የያዘችው አዋላጇ “ግፊ” ከማለቷ ትንሽ ቀደም ብላ ነው፤ ከምሽቱ በፊት ዊላ የተባለች፣ ሰባት ፓውንድ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ሴት ልጅ ዓለምን በጩኸት ተቀላቀለች።

በማግስቱ ከሆስፒታል ወደ ኬንድራ ቤት እንደገቡ ዳርሊን ሥራ አከፋፈለች። “አራት ትልልቅ ሰዎች አለን። ሁለታችን ስንነሣ ሁለታችን እንተኛለን፤ በተራ።”

ጋርላንድ ብድግ አለ። ንግግሩ አጭርና ታሪካዊ ነበር። “በፕሩዊት ቤተሰብ ግማሹ ሠርቶ ግማሹ አይተኛም! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ሕፃኗ በነቃች ቁጥር አራታችንም እንነሣለን፤ አራታችንም!” ኬንድራ ሁለት ቀን እንቅልፍ ባላየ ዓይኗ አየችው። ባሏ ግድግዳውን አየ። ሐሳቡ ተቃውሞ ስላልቀረበበት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከምሳ በኋላ ጋርላንድ የአዲሱን ደንብ አፈጻጸም ለመከታተል በተደላደለው ወንበር ላይ ጋለል አለ። ወዲያው ስምንት ሲሊንደር የሚያስንቅ የማንኮራፋት ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ዊላ ማልቀስ ጀመረች።

“ጋርላንድ፣ ተነሣ! አራታችንም እንነሣለን አላልክም?”

ጋርላንድ ዓይኑን አልገለጠም።

“ስንት ነው የምትመዝነው?”

“ሰባት ፓውንድ!”

“ለሰባት ፓውንድ አራት ሰው?” አለና ወደ ግድግዳው ተገላበጠ። “የጉልበት ብክነት ነው፣ ዳርሊን። አንቺ ትበቂያለሽ። እኔን ዳገት ሲመጣ ቀስቅሺኝ።”