አንደኛው መስመር ላይ ማን ይቀመጥ?

የእኛ ሰው ዝርዝር አያነብም፤ ስሙን ነው የሚፈልገው። ካገኘው በኋላ ደግሞ ከማን በላይ፣ ከማን በታች እንደሆነ ያያል። አትክዱ እንጂ... የሠርግ ኮሚቴ ስም ዝርዝር ሲሰጣችሁ «መልካም ጋብቻ» ከማለታችሁ በፊት «እኔን ከመጠጥ ክፍል ሦስተኛ ያደረገኝ ማነው?» ያላችሁ ስንት ናችሁ? እኔ ብያለሁ። ደግሜም እላለሁ።

ይህ አመላችን ወረቀት ላይ እስካለ ድረስ ማንንም አይጎዳም ነበር። ጉዱ የመጣው ኮምፒውተር የሚባል ይሉኝታ ቢስ ፍጡር መሥሪያ ቤታችን የገባ ዕለት ነው።

ነገሩ የሆነው በእኛው አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከአንድ የብሎኬት ማምረቻ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ቅርንጫፍ ቢሮ ነበር። እኔ የሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። አርባ አምስት ቀን እሞከርና ከተወደድኩ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልተወደድኩ «እናመሰግናለን» ተብዬ ወደ መጣሁበት። አርባ አምስተኛው ቀን ዓርብ ላይ ይውላል። ብስራተ ገብርኤል የሚኖሩት የእጮኛዬ አባት ደግሞ ሽማግሌ ልላክ ብዬ ባስጠይቃቸው የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ «ቋሚ ነው?» ስለ ጠባዬ አልጠየቁም፣ ስለ ዘሬ አልጠየቁም። እንግዲህ ትዳሬ እንዳለ በዚያች ዓርብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

የምንሠራው ለአንድ የመጋዘን ድርጅት የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራም የሚጻፈው በቁርጥራጭ ነው፤ በኋላ ቁርጥራጮቹ አንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው። የእኛ ኮምፒውተሮች ለመጻፍ እንጂ ለመገጣጠም አቅም የላቸውም። ስለዚህ ሥራችንን በስልክ መስመር መሀል ከተማ ላለው የዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ ኮምፒውተር እንልካለን፤ እሱ ገጣጥሞ ይመልስልናል። የስልኩን ጠባይ ደግሞ ታውቁታላችሁ... ግማሽ ሰዓት ሳይቋረጥ ከቆየ ስለት ደረሰ ማለት ነው።

ቁርጥራጮቹ የሚቀመጡት በማህደር ነው፤ አንዱ ማህደር በሌላው ውስጥ ይገባል፣ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ትንሽ ሻንጣ እንደ መክተት። በቢሯችን ደንብ እያንዳንዱ ማህደር በሠሪው ስም ይጠራል፤ ሲበላሽ የሚወቀሰው ሰው እንዳይጠፋ። የውጪውን፣ ሁሉን የሚይዘውን ማህደር ሁሉም አልፈልግም ስላለ ለእኔ ተሰጠ። በእኔ ውስጥ የወይዘሪት ጽጌ ማህደር አለ፤ ጽጌ በማዕረግ ባይሆንም በችሎታ ከሁላችንም የምትበልጥ ሠራተኛ ነበረች። በእሷ ውስጥ ደግሞ የቀሩት ዘጠኙ ይገባሉ፤ የመጨረሻው የኃላፊያችን የአቶ መኮንን ነው። አቶ መኮንን የጻፉት በየገጹ አናት ላይ የድርጅቱን ስም የሚያትመውን ክፍል ነበር። እሱንም የጨረሰችላቸው ጽጌ ናት፤ ይህ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር።

ሥራው ከመላኩ በፊት የማህደሮቹ ዝርዝር ይቀድማል። ትልቁ ኮምፒውተር ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ እያነበበ፣ እያንዳንዱን ማህደር በያዡ ውስጥ ያስቀምጣል። ያዡ ቀድሞ ከመጣለት ሥራው ቀላል ነው። እኔም የውጪውን አስቀድሜ የውስጡን አስከትዬ ሰደርኩት። ማክሰኞ አቶ መኮንን ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ለሙከራ ብዬ ላክሁት፤ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሄዶ አለቀ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፤ በልቤ ሙሽራ ሆኜ ነበር።

ታዲያ ከቢሯችን መሸኛ ሳይጻፍለት በይፋ የሚወጣ ነገር የለም። በስልክ ሽቦ የሚሄደውም ቢሆን ዝርዝሩ ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማህተም ያርፍበታል። ማህተም በሽቦ ውስጥ አያልፍም ብትሉ ማን ይሰማችኋል? ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን ለአቶ መኮንን አቀረብኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ስማቸውን ፈለጉ... ፈለጉ... አሥራ አንደኛው መስመር ላይ አገኙት። ከዚያ በታች ባዶ ወረቀት ነው።

«ይህ ዝርዝር በምን ሥርዓት ነው የተዘጋጀው?» አሉኝ።

«ያዡ እየቀደመ፣ ውስጡ ያለው እየተከተለ ነው ጋሽ መኮንን። ለኮምፒውተሩ እንዲቀለው።»

«አንደኛ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሙከራ ሠራተኛው።»

«አዎ።»

«ኃላፊውስ ስንተኛ ነው?»

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ እየተባለ ያደገ ሰው ምን ይመልሳል?

«በማዕረግ አስተካክለህ አምጣ» አሉኝ። «ያኔ እፈርማለሁ።»

አስተካከልኩ። እሳቸው አንደኛ፣ ምክትላቸው ሁለተኛ፣ እያለ ጽጌ አሥረኛ፣ እኔ አሥራ አንደኛ። ፈረሙ፤ ማህተም መቱ፤ ላክሁ። አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ የተባለው ለእኔ ነው። ትልቁ ኮምፒውተር አንደኛውን መስመር አነበበ፤ አቶ መኮንን፣ በጽጌ ውስጥ። ጽጌ የት አለች? አልመጣችም። እንግዲያው እዚህ ይጠብቁ። ሁለተኛው ምክትላቸው፤ እሳቸውም ጽጌን ጠባቂ። እንዲህ እያለ የመጣውን ሁሉ ከነጓዙ በር ላይ ያቆማል። «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ዝናብ የሚመታቸውን ሰዎች አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ቁልፉ ያለው ደግሞ መጨረሻ በተሰለፍኩት በእኔ ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ሳልደርስ ኮምፒውተሩ የሚያቆምበት ቦታ አለቀበትና ደርቆ ቀረ። እንደገና ላክን፤ እንደገና ደረቀ። ሦስተኛውን ስልኩ ራሱ ቆረጠው።

ሐሙስ ጠዋት ትልቁን ኮምፒውተር የሚቆጣጠሩት ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ።

«ምን ነካህ ልጄ? ማክሰኞ ደህና ልከህ አልነበር?»

«ዝርዝሩ ተስተካክሎ ነው እትዬ አልማዝ።»

«ተስተካክሎ ነው ተገልብጦ? አንተ ጫማህን አድርገህ ነው ካልሲ የምታጠልቀው?»

«ኃላፊው በማዕረግ ይሁን ብለው ነው።»

«እኔ ዘንድ ያለው ማሽን ማዕረግ አያውቅም። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ካልደረሰኝ ተራችሁን ለሌላ ቅርንጫፍ እሰጣለሁ።»

ነገ ዓርብ ነው። ፕሮግራሙ ካልተገጣጠመ ቋሚነት የለም፤ ቋሚነት ከሌለ ሽማግሌ የለም። ፈራሁ። ምን እደብቃችኋለሁ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ዓይኔን ታጥቤ ነው የወጣሁት። ጽጌ በር ላይ አገኘችኝ።

«ሁለት ዝርዝር አውጣ» አለችኝ። «አንዱን ለሳቸው፣ አንዱን ለማሽኑ።»

«ሲላክ አጠገቤ ቆመው ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራሉ እኮ።»

«እንግዲያው ከላይ አስቀምጣቸዋ።»

«ከላይ ሲሆኑ እኮ ነው የሚበላሸው። ማህደራቸው ያለው አንቺ ውስጥ ነው።»

«እሳቸውን አልኩህ እንጂ ሥራቸውን መች አልኩህ?»

ይህች ልጅ ሚኒስትር አለመሆኗ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚያው ቁጭ ብዬ አዲስ ማህደር ከፈትኩ። «አቶ መኮንን» አልኩት። አንዲት መስመር ሥራ አልጻፍኩበትም። ከዚያ የእኔን ማህደር፣ ጽጌንም ምክትሉንም ሁሉንም እንደያዘ አንስቼ ውስጡ ከተትኩት። ጽጌ ውስጥ የነበረውን የዱሮ ማህደራቸውን ደግሞ «አናት» ብዬ በሥራው ስም ጠራሁት። ዝርዝሩ አሥራ ሁለት መስመር ሆነ።

ዓርብ ጠዋት አቀረብኩላቸው። ጣታቸው አንደኛው መስመር ላይ ቆመ።

«አየህ፣ ሲፈለግ ይቻላል» አሉኝ።

ሁለተኛው መስመር ላይ የእኔ ስም አለ፤ ዓይናቸው እስከዚያ አልወረደም። የበታቾቻቸው ቅደም ተከተል ጉዳያቸው አልነበረም። የጻፉት ሥራ የት እንደገባም አልጠየቁኝም። ፈረሙ። አጠገቤ ቆመው በጥሞና አመሳከሩ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሄደ፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ተገጣጥሞ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የቋሚነት ደብዳቤዬን ፈረሙልኝ። ቅዳሜ ሽማግሌዎቼ ደብዳቤውን ይዘው ብስራተ ገብርኤል ደረሱ፤ አባትየው ሁለቴ አነበቡትና «እንግዲህ ምን እንላለን» አሉ።

ሰኞ ወይዘሮ አልማዝ ደወሉ።

«ልጄ፣ አንደኛው መስመር ላይ ያለው ማህደር የራሱ ምንም ሥራ የለውም እኮ። ሌላው ሁሉ በሱ ሥር ነው፤ እሱ ግን ባዶ ነው። ስህተት ከሆነ ላውጣው?»

«ኧረ እንዳይነኩት እትዬ አልማዝ። ቋሚ ያደረገኝ እሱ ነው።»

ስልኩን ልዘጋ ስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«የእኛ ሥራ አስኪያጅ ነገ ዝርዝሩን ሊያዩት ነው» አሉኝ። «ከአቶ መኮንን በላይ አንድ ባዶ ትጨምርልኛለህ?»

ጨመርኩ። ቋሚ ሠራተኛ ነኛ!