ሊቀ ሴል መምህር ይኸነው እና የርብቃ ጨጓራ

አገር ያለ መብራት ይከርማል፣ ያለ ኔትወርክም ይሰነብታል፤ ያለ አስረጂ ግን አንድ ቀን አያድርም። በየሰፈራችሁ ፈልጉት፣ አለ። አስረጂ ማለት ያልተጠየቀውን የሚመልስ፣ የተጠየቀውን ደግሞ ከአዳምና ከሔዋን በፊት ጀምሮ እየጎተተ የሚያመጣ ፍጡር ነው። ቆሰበር ከተማ ያለው ሰፈራችን ጡረታ በወጡ የባዮሎጂ መምህር ተባርኳል፤ ወይም ተቀጥቷል። ሙሉ ማዕረጋቸው፣ እኔው እንደሾምኳቸው፣ ሊቀ ሴል መምህር ይኸነው ነው።

ሊቀ ሴል አፋቸውን የሚከፍቱት «ከሥሩ እንጀምር!» ብለው ነው። ይህን ስትሰሙ ድስት የጣዳችሁ አውርዱ፤ ባጃጅ ያስቆማችሁ አሰናብቱ።

ቀርከሃ ስሰነጥቅ የቆረጥኩትን ጣቴን አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዙት።

«ቁስሉ ገጠመ?»

«ገጠመ፣ መምህር።»

«ሥጋው ሲያድግ ሲያድግ መጣና ልክ ሲገጥም ቆመ። ለምን ዝም ብሎ አላደገም? በቃ ያለው ማነው?»

«እግዚአብሔር ነዋ!»

«እሱስ ልክ ነህ። በማን በኩል?»

በፕሮቲን በኩል ኖሯል። ሴል በር አለው አሉ፤ በሩን የሚያንኳኳ ፕሮቲን አለ፤ ውስጥ ሆነው መልእክቱን የሚቀባበሉ አሉ። «እደግ» የሚል አለ፣ «ተው» የሚል አለ፣ «አንተስ በቅቶሃል፣ ሙት» የሚልም አለ። ከመሥሪያ ቤቶቻችን የሚለየው መልእክቱ መድረሱ ነው። እኔ የወጣሁት ሚስማር ልገዛ ነበር፤ ሱቁ ተዘጋ።

የባሰው ግን የጎረቤቴ የርብቃ ልጅ፣ ቤተል፣ የወለደች ጊዜ ነው። የቸርቻቸው ሰዎች ጸልየው እንዳበቁ መምህር የሕፃኑን እጅ አነሡና «እነዚህ ጣቶች በእናቱ ማኅፀን ተጣብቀው ነበር። የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሴሎች ታዘው ስለሞቱ ነው። ያ ሞት ባይኖር የዚህ ልጅ ጣቶች እንደተጣበቁ ይቀሩ ነበር» ብለውት ዐረፉ! አራስ ቤት ገብቶ ሞት! ርብቃ «በኢየሱስ ስም!» ብላ ሕፃኑን ነጠቀቻቸው።

ይህችው ርብቃ ናት ኋላ የታመመችው። ድካም፣ ላብ፣ ክሳት። ቤተል ባሕር ዳር ወስዳ አስመረመረቻት። የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ደግነቱ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለው። ቤተል ሐኪሙን «ለእሷ እንዳይነግሩብኝ» ብላ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነች።

ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ መከረ። ለመደበቅ የሚደረግ ስብሰባ ላይ የሚቀር ሰው የለም! «ብትሰማ ትደነግጣለች፤ ጨጓራ ነው በሏት» ተባለ። ተነሣሁ። «ደሙ የማነው? የራሷን ደም ከራሷ ደብቃችሁ ነው የምታድኗት?» አልኩ። «አንተ ለጠብ ነው የተፈጠርከው፣ ቁጭ በል!» ተባልኩ። በአገራችን እኮ በሽታውን ለጎረቤት፣ ለአክስት፣ ለአክስት ባል ተናግሮ፣ ለታማሚው ብቻ መደበቅ ርኅራኄ ይባላል። በመጨረሻም ሁለት ነገር ተወሰነ፦ የርብቃ ሕመም ጨጓራ ነው፤ መምህር ይኸነው በዚያ በር እንዳያልፉ።

ርብቃ ግን የጨጓራን ሕግ ታውቃለች፤ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ነው። ያ ኪኒን ደግሞ ከምግብ ጋር ካልተዋጠ ሆድ የሚያቃጥል ኖሯል። ዋጠች፣ አስመለሳት፤ ደግማ ዋጠች፣ ደግሞ አስመለሳት።

መምህርን ማን ያግዳቸዋል? አንድ ቅዳሜ ድንች በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። እኔ ከርብቃ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ ቤተል ልጇን አዝላ ከኋላቸው ቆማለች።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ርብቃ?»

«ጨጓራዬ ነው፣ ጋሼ። የሰጡኝ መድኃኒት ራሱ ጨጓራ ሆነብኝና ተውኩት። ባለቤትዎ ጨጓራ አለባቸው አይደል? ይውሰዱላቸው፣ አልተነካም ማለት ይቻላል።»

መምህር የመድኃኒቱን ፓኮ ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ውስጡ ያለውን ወረቀትም አውጥተው አነበቡ። ሰው ሆኜ እሳቸውን ሳያስረዱ ሲያነቡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ከሥሩ እንጀምር» አሉ ቀስ ብለው።

«መምህር፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ!» አለች ቤተል።

«የምትውጠው እናትሽ ናት፣ ልጄ።» ወደ ርብቃ ዞሩ። «ዳንግላ ጋሪ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ?»

«እንዴታ!»

«ባለጋሪው ሂድ ሲል አለንጋውን ያነሣል፤ ሲበቃ ያወርዳል። ደምሽ ውስጥም ‹ተባዙ› ብሎ አዝዞ የሚያርፍ ፕሮቲን አለ። ያንቺው ተበላሽቶ ማውረድ አቃተው። ነጭ የደም ሴሎችሽ ያለ ልክ ይባዛሉ፤ መሞቻቸው ደርሶም አይሞቱም። ይህ ኪኒን ፕሮቲኑ ጉልበት የሚቀበልበት ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይቀመጥበታል። ያኔ ክንዱ ይዝላል። ከተውሽው ግን ቦታው መልሶ ይከፈታል።»

ርብቃ ትክ ብላ አየቻቸው። «ስሙን ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ካንሰር ነው። የደም።»

«ይገድላል?»

«ከተውሽው፣ አዎ። እየዋጠ አብሮት የሚያረጅ ግን ብዙ ነው።»

«ቤተል» አለች፣ «ጨጓራ ብለሽ ልትቀብሪኝ ነበር?»

«እንዳትፈሪ ብዬ እኮ ነው፣ እማዬ!» ቤተል እንባዋ መጣ።

«ፈርቼማ ነበር። ጨጓራ እንዲህ እንደማያደርግ አጣሁት? ብቻዬን አስፈራችሁኝ እንጂ።»

የታገሰ አልነበረም፤ ሁላችንም አለቀስን። መምህር ብቻ «ማቆምሽን ሐኪሙ ይወቅ» ብለው ስልክ አስደወሉ። «ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውኃ» አለ ሐኪሙ። ቤተል ምሳ ልታቀርብ ሮጠች።

ባለፈው ወር ለክትትል ባሕር ዳር ሄድን፤ የደሟ ቁጥር መስተካከል ጀምሯል። ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ርብቃ በመስኮት በኩል፣ «ውጤቱን ማን ያስረዳታል?» ብለው የተከተሉን መምህር በወዲህ፣ እኔ በመካከል ተጨቁኜ። ዳንግላን እንዳለፍን አንዲት ሴት የርብቃን ክሳት አይታ «ምንሽን አሞሽ ነው፣ እኅቴ?» አለቻት።

«ካንሰር ነው» አለች ርብቃ ጮክ ብላ። ሚኒባሱ ሙሉ ከንፈሩን መጠጠ።

«ከንፈር አትምጠጡ፤ ስሙ!» ብላ ጀመረች። ፕሮቲኑን አመጣች፣ ባለጋሪውን አመጣች። መምህር አረሟት፤ መልሳ አረመቻቸው። ግራ ጆሮዬ ሴል፣ ቀኝ ጆሮዬ ሴል ሆነ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋው።

መናኸሪያው ልንደርስ ስንል ከኋላ አንድ ጎልማሳ አንገቱን አስግጎ «መምህር፣ እኛ እናታችንን ሪህ ነው ብለናት ነበር...» አለ። መምህር ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞሩ።

«ወራጅ! ደርሰናል፣ ውረዱ!» ብሎ ረዳቱ በሩን በረገደው።

«ዝጋው በሩን!» ብዬ ጮኽኩበት። «መምህር ገና አልጨረሱም!»