መልስ የምትጠብቀው ሙና

«እንደምን አደሩ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው ታውቃላችሁ? ያ ሰው እኔ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ፣ የእህቴን ልጅ ሙናን ሰላምታ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ። የመምህሩን ብቃት እዩልኝ!

ሙና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አእምሮዋ ከእኩዮቿ ዘግይቶ ስላደገ እንግዳ ሰው ስታይ ትደበቃለች። «ጠይቂ፤ ከዚያ መልሱን ጠብቂ» እያልኩ ወር ሙሉ አለማመድኳት።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ግራዝማች በሱቄ ደጅ ሲያልፉ፣ ሙና ወጥታ መንገዳቸው ላይ ቆመች። ግራዝማች ለሰላምታ ባርኔጣቸውን ነካ ከማድረግ በቀር ቃል የማያወጡ ኩሩ ሰው ናቸው።

«እንደምን አደሩ?»

«ደህና፣ ደህና።»

«ባለቤትዎስ?»

ግራዝማች ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሊያልፉ ሞከሩ። ሙና ግን መልሱን ጠበቀች። ከኋላቸው ከሰል የጫኑ አህዮች ቆሙ፤ ከአህዮቹ ኋላ ታክሲ ጡሩንባውን አስጮኸ። አገር በሙሉ የቆመ መሰለኝ።

«ሙና፣ ይበቃል! አሳልፊያቸው!» አልኩ በድንጋጤ።

«አልመለሱልኝማ!» አለች።

ግራዝማች ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ታማብኛለች፣ ልጄ። ሆስፒታል ከገባች ሳምንቷ ነው» አሉ።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም ብያቸዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል ሙናን አላስተማርኳትም። እሷ ግን እጃቸውን ያዘችና «በሉ እንሂድ፣ እንጠይቃቸው» አለች።

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።