በፍልሰታ ጾም ስለ እንጉዳይ ቅባት ሌክቸር ሰጠሁ

ወገን፣ ዛሬ የገዛ አክስቴን በአንድ አረፍተ ነገር ጾም ላስገድፍ ነበር።

ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።

እንደምታውቁት ማስተርሴን የምሠራው እንጉዳይ ላይ ነው። ውስጡ ያለውን ቅባት አወጣና ምን ምን ዓይነት እንደሆነ እለያለሁ። አዎ፣ እንጉዳይ ቅባት አለው። ትንሽ ናት፣ ግን ዕድሜዬን እየበላችው ነው።

ሰሞኑን ሳምፕል ልሰበስብ ቡሬ አጠገብ ገጠር ያሉት አክስቴ፣ እታለማሁ ቤት መጣሁ። አክስቴ ነገ ሊቆርቡ ነው። ዓምና ፍልሰታን ታመው ስለቀረባቸው፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ነገን ነው።

ዛሬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ለኔ ብለው ኩይሳ ላይ የበቀለ እንጉዳይ ለቅመው መጡ። በሽንኩርትና በበርበሬ፣ በኑግ ዘይት ሠሩልኝ። ስትማሪው ከምትውዪ ቅመሽው አሉኝ። አብረን መብላት ጀመርን።

ሰው ዝም ብሎ አይበላም?

እኔ ሌክቸር ጀመርኩ። ስፊንጎሊፒድ የሚባል የቅባት ዓይነት እንዳለ፣ የእንጉዳዩን ሴል እንደ ቆዳ ከሚሸፍኑት ነገሮች አንዱ እንደሆነ አብራራሁ። አክስቴ በትህትና እህ፣ እህ ይላሉ። ስሙ የከበዳቸው መሰለኝና ላቀልላቸው ፈለግኩ።

"እንጉዳይ እኮ ከጎመን ይልቅ ለበሬ ነው የሚቀርበው። የዚህ ቅባት ዘመድ በብዛት ያለው የበሬ አንጎል ውስጥ ነው" አልኳቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ጉርሻውን ቀስ ብለው ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ዕንባቸው መጣ።

"ገደፍኩ በይኛ" አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ላጽናናቸው ብዬ፣ ይሄ ቅባት በቆሎም ስንዴም ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው።

ይባስ ብለው እንጀራውንም ገፋ አደረጉት። ለካ ከበቆሎ ጋር የተጋገረ ነው!

(ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ ማነው ግን?)

አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ሞገስ ቤት ወጡ። እኔም ጭቃው እያንሸራተተኝ ተከተልኳቸው። ቄሱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴን ሰምተው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩና ያልኩትን እንድደግመው ጠየቁኝ።

ሰው ሁሉ ፊት "የበሬ አንጎል" አልኩ።

አንዲት ሴትዮ እነሱም ትናንት እንጉዳይ እንደበሉ በቀስታ ተናገሩ። መንደሩን በሙሉ አስገደፍኩት?

ሼም እንዲህ በላብ ያጠምቃል እንዴ?

ቄስ ሞገስ ግን አልተቆጡም። እንጉዳይ ደም አለው ወይ፣ ይታለባል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ደምም የለው፣ አይታለብም አልኩ። ቅባቱንስ ከበሬ ነው ያገኘው? የለም አባ፣ ኑግና ሰሊጥ የራሳቸውን ዘይት እንደሚሠሩት እሱም የራሱን ነው የሚሠራው አልኩ። ፕሮፖዛሌን ዲፌንድ ሳደርግ እንኳ ድምፄ እንዲህ አልተንቀጠቀጠም።

ወደ አክስቴ ዞሩ።

"እታለማሁ፣ በዝምድና አይገደፍም። ነገ ትቆርቢያለሽ።"

አክስቴ መስቀል ተሳለሙ። ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ተቀየሙኝ ብዬ ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው። ጭቃው ሲጠና ቆም ብለው እጃቸውን ሰጡኝ።

"ምነው ልጄ፣ የኑጉን ነገር አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?"

አዩኝና ሳቃቸው መጣ፣ አጥር እስኪደገፉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ዓይኔ ግን ዕንባ አቅርሮ ነበር።

እቤት ገብተን የቀዘቀዘውን እንጉዳይ ጨረስነው። ጣፈጠሽ ወይ ሲሉኝ አዎ ብቻ አልኩ።

ወሬው ግን ቀድሞን ደርሷል። አሁን ማምሻውን አንዲት ጎረቤት ሽሮ በሳህን ይዘው መጥተው፣ ይቺስ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ወገን፣ ከእንጉዳይ ቅባት ማውጣቱን ተምሬያለሁ። ሲጋበዙ ይጣፍጣል ብሎ ዝም ማለትን የሚያስተምረው ኮርስ ግን የት ነው የሚሰጠው?