ለጠየቀ ሁሉ «ፍቀድ»

የደጋ ሰው በተራራው ይኮራል። እኛ የመተማ ሰዎች ይህ ነው የሚባል ተራራ ስለሌለን በደጃችን እንኮራለን። ሙቀቱ በር ዘግቶ መቀመጥ ስለማያስችላችሁ ነው የሚሉን አሉ፤ ይበሉ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየት ከየት የሚጎርፈውን ሠራተኛ ስሙን ሳንጠይቅ ውኃ የምናጠጣ፣ ከድንበር ማዶ የመጣውን እንግዳ «ተፈደል» ብለን ከጥላ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። ተፈደል ማለት «ግባ፣ ቤትህ ነው» ማለት ነው። ቃሉን ከሱዳኖች ወሰድነው እንጂ ደጁስ የራሳችን ነው።

እኔም ከዚሁ ሕዝብ የወጣሁ፣ ሸሕዲ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የምጠግን ሴት ነኝ። ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ግን ካላወራሁ ማን ያወራልኛል? ከኮኪት እስከ ሽንፋ ስልኩ የሞተበት ሰው «ለሐኪሟ ውሰድላት» ነው የሚባለው። ውኃ የገባበት፣ ትራክተር የረገጠው፣ ከሰሊጥ ጋር ጆንያ ውስጥ ተሰፍቶ የከረመ ስልክ ሁሉ በእጄ አልፏል። አቅቶኝ የመለስኩት ስልክ የለም ብላችሁ የዋሸሁት ጥቂት ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሐጅ ከድር ጨርቅ ይሸጣሉ። ጨርቁስ ሰበብ ነው፤ ዋናው ሥራቸው ማስታረቅ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከሱቃቸው ጎን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ የተጣላው ተኮሳትሮ ይመጣል፣ ተቃቅፎ ይሄዳል። ፖሊስ ጣቢያው እንኳ አንዳንዱን ባለጉዳይ «እስቲ መጀመሪያ ሐጅ ዘንድ ሂዱ» ብሎ ይሸኛል።

ያን ሰሞን ከዛፉ ሥር የቀረቡት አለልኝና ስማቸው የሚባሉ ወንድማማች ገበሬዎች ነበሩ። አባታቸው ከጎጃም ወርደው ያቀኑትን መሬት አንድ ላይ ሲያርሱ ኖረው ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ አትጠይቁኝ፤ እነሱም ረስተውታል። የትራክተሩ ቁልፍ ታላቁ አለልኝ ኪስ ውስጥ፣ ትራክተሩ የሚጎትተው ማረሻ፣ እኛ ዲስክ የምንለው፣ ታናሹ ስማቸው ግቢ ውስጥ ቀረ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሁለቴ ጥሏል። ሰው ሁሉ ሰሊጡን ይዘራል፤ የእነሱ መሬት አረም ያበቅላል። ከዚያ ሳምንት ካለፈ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐጅ ስልክ ልመልሳችሁ። ስልካቸው ከጥቂት ወራት ወዲህ ጠባዩ ተበላሽቷል። «ስልክዎን ቫይረስ ጨረሰው!» ይላል። «በሦስት ቀን ይክበሩ!» ይላል። ዝም ላሰኘው ብለው ነካ ሲያደርጉት ደግሞ ዘፈን ይከፍትባቸዋል። ሐጅ ጉዱን ለእኔ መንገር አፈሩና በራሳቸው ዘዴ ዘየዱ፤ ጩኸቱ ጆሯቸው ውስጥ እንዲቀር ገመድ የሌለው ኢርፎን ከእኔው ገዙ። እኔ ምን አውቄ? ቁርአን ሊያዳምጡበት መስሎኝ መጀመሪያ ከራሴ ስልክ ጋር አገናኝቼ ጥራቱን አስደመጥኳቸው፣ ቀጥዬ ከሳቸው ስልክ ጋር አገናኝቼ መርቄ ሰጠኋቸው።

የእርቁ ቀን ደረሰ። ሐጅ ኢርፎናቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ከመሃል ተቀምጠዋል። እኔም ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ከኋላ ቆሜያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። ሐጅ ወንድማማቾቹን ወደ እርቅ እየሳቡ፣ እየሳቡ አምጥተው አለልኝ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ስልካቸው ነዘረ። ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ በልብሳቸው ላይ ነካ አደረጉት። አንዲት ሴት በዛፉ ሥር ተንከትክታ ሳቀችና «ዛሬውኑ ይወራረዱ! ዕድልዎን ይሞክሩ!» ብላ ጮኸች።

ታናሹ ስማቸው አፉ አያርፍም። «ሐጅ፣ እርስዎም ቁማር ይጫወታሉ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። የአለልኝ እጅ ባዶውን ከኪሱ ወጣ። ሐጅ ግን አልሳቁም፤ ኢርፎኑን ከጆሯቸው አውጥተው ተነሡ። «ስሜ ሳይጸዳ ከዚህ ዛፍ ሥር አልቀመጥም» ብለው ሄዱ። እሳቸው ከሌሉ እርቅ የለም፤ እርቅ ከሌለ ደግሞ ያ መሬት ጦም ያድራል።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዘው ሱቄ መጡ። የኢንተርኔት መክፈቻውን ከፍቼ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክቼ፣ ቅንብሮች ውስጥ ገብቼ፣ ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር አወጣሁ። እስከ ሠላሳ ቆጥሬ ተውኩት።

«ሐጅ፣ ይህን ሁሉ ማን ፈቀደለት?»

«እኔ ነኛ!»

«ኧረ ለምን?»

«ጠየቁኝ፣ ልጄ። ‹ማሳወቂያ እንላክ ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። ደጅ ቆሞ ፈቃድ የጠየቀን ‹አግድ› እላለሁ? ምን ሆኜ?»

ልስቅ ነበር፤ ግን ደረቴ በኩራት ሞላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እነዚህ አጥርም አልነቀነቁ፤ ተፈደል ተብለው በዋናው በር ነው የገቡት። አንድ በአንድ እያገድኩ አስወጣኋቸው። ከእንግዲህ ጭራሽ ማንም እንዳይጠይቅ ላደርገው ስል ግን ሐጅ እጄን ያዙኝ። «መጠየቅማ ምን ነውር አለው? እሱን ተይው» አሉ።

ቀጥሎ ኢርፎኑ። ከሐጅ ስልክ ጋር ባገናኘው እምቢ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ ባወጣው እምቢ። ላቤን እየጠረግሁ ሳለሁ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የራሴ ስልክ ዓይኔን ሳበው። ብሉቱዙን ባየው «ተገናኝቷል» ይላል። ከማን ጋር? ከሐጅ ኢርፎን ጋር!

ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። የሞከርኩበትን የራሴን ስልክ «ኢርፎኑን እርሳው» ሳልለው ነው ዕቃውን የሸጥኩላቸው። የእርቁ ቀን ስልኬን ይዤ ከኋላቸው ስቆም ኢርፎኑ ወደ እኔ ዞሯል፤ የሐጅ ስልክ ጆሮ ሲያጣ አፉን ከፈተ። ሐጅን ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ፊቴ ተቀምጠው «አላህ ያክብርሽ» እያሉ ይመርቁኛል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደነበር አስቡት፤ «ዕቃው ከፋብሪካው ብልሹ ነው» ብል ማን ይከራከረኛል? እርሳ የሚለውን ነካሁ፣ ኢርፎኑን ከሐጅ ስልክ ጋር አገናኘሁ፣ ሸኘኋቸው። የሐጅ ስም ግን በዚህ እንደማይጸዳ አውቄዋለሁ። ከኮኪት እስከ ሽንፋ ያለው ስሜ እንዳይበላሽ እያሰብኩ ሁለት ቀን ተሰቃየሁ።

በሦስተኛው ቀን ሐጅን ለምኜ ከዛፉ አጠገብ አመጣኋቸው። ወንድማማቾቹንም አስጠራሁ። ቆምኩ። «ሐጅ ቁማር አያውቁም። ስልካቸው የጮኸው ፈቃድ የጠየቀን መመለስ ስለማያውቁ ነው፤ ያን ዕለት በሰው ፊት የጮኸው ደግሞ በእኔ ጥፋት ነው። ሥራዬን ሳልጨርስ ነው ዕቃ የሸጥኩላቸው» አልኩና ሁሉንም ዘረዘርኩት። ማንም አልሳቀም።

ስማቸው ቀድሞ ተነሥቶ የሐጅን ጉልበት ሳመ። «ይማሩኝ ሐጅ፤ አፌ ነው» አለ።

አለልኝም «ሐኪሟ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጥፋቴ ነው ካለች፣ እኛ ምን ቤት ነን?» አለ። የትራክተሩን ቁልፍ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ዲስኩን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ» አለ ስማቸው። ሐጅም ከዛፉ ሥር፣ ከቦታቸው ተቀመጡ። ያን ያህል ኮርቼ አላውቅም፤ ጥፋቴን ተናግሬ መኩራቴ ለራሴም ገርሞኛል።

ሰው ይሸሸኛል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ወረፋው ጨመረ። የወንድማማቾቹ ሰሊጥም ዘግይቶ ቢዘራ በቀለ።

ሐጅ ግን እስካሁን «አግድ» ማለት አልቻሉም። በየሳምንቱ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መንገዱን ይሻገራሉ። «ልጄ፣ ደግሞ አንድ ጠያቂ መጥቷል። አንቺ በይልኝ» ይሉና እንዳያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። እንግዳ በማይመለስበት አገር እንግዳ መላሽ ሆኜ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ለሐጅ ስል ነውና አልከፋኝም። አግድ የሚለውን እነካለሁ።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ ሐጅ።»

«አይ! ውኃ እንኳ ሳይቀምስ» እያሉ ወደ ሱቃቸው ይሻገራሉ።