ነጭ ሽንኩርት በእጅ ይፈተሽልኝ ያልኩ ዕለት

ኤርፖርት ውስጥ ሰልፍ አስቁሞ፣ አለቃ አስጠርቶ፣ "ይህ ዕቃ ማሽን ውስጥ ከገባ የሰው ፊት ይጠፋል" ብሎ የተከራከረ ሰው ታውቃላችሁ?

ተዋወቁኝ።

ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ የምወርደው፣ የክፍል ጓደኞቼ ድምፄን ያወቁት በምረቃ ዓመት የሆነው፣ ያችው እኔ ነኝ።

ዛሬ ከሰዓት ከሁሩሙ ወደ መቱ ተመልሼ ነው ይህን የምጽፈው። ውርደቱ ሁለት ነው። የኤርፖርቱን አስቀድማለሁ፤ እሱ ያስቃል። የዛሬውን ምን ብዬ እንደምጠራው ገና አላወቅሁም።

ነገሩ የሚጀምረው ከንብ ቀፎ ነው።

አዎ፣ ከንብ ቀፎ። ታገሡኝ።

እትዬ ደብሪቱ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሁሩሙ ይኖራሉ፤ ፊደል ከቆጠርኩበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ከጓሯቸው አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ ቅርንጫፉ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ከእነሱ መካከል አንዱ ንብ ገብቶበት አያውቅም። ሌሎቹ ሞልተው ንቡ በየግንዱ ሲንጠለጠል እንኳ ወደዚያኛው ዝር አይልም። ልጅ ሳለሁ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ሰው ያለበት ቤት አይገቡም" ይሉኝ ነበር።

ተረት መስሎኝ አደግሁ።

ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ ግላኮማ ነው አላቸው። ዓይናቸው እየሄደ ነው፤ የሄደውም አይመለስም። እትዬ በማግስቱ ቀፎውን አስወረዱት። ውስጡ በሰም የታሸገች ትንሽ ቆርቆሮ ነበረች፣ አውራ ጣት የምታህል። ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ነቅነቅ አደረጓት።

"አለ" አሉ።

"ማን?"

"ኃይሉ።"

ኃይሉ አጎቴ ነው። ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? እናቴ እሱ በነበረበት ጊዜ ገና የምትድህ ሕፃን ነበረች፤ እሷም የምታውቀው ስሙን ብቻ ነው። ቤታችን ውስጥ የእሱ አንድም ፎቶ የለም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ኃይሉ መቱ ይማራል። እትዬ ሊዳሩ ባሉበት ሰሞን አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወንድማቸውን በእጅጌው እየጎተቱ ገበያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ወሰዱት። እሱ ፎቶ አይወድም፤ ሰው ሲያየው ያፍራል። ግድግዳው ሥር አቆሟቸው፤ እሱ አንገቱን ደፋ። ፎቶ አንሺው ከካሜራው ጀርባ ሆኖ፣ "ቀና በል እንጂ ወንድሜ፣ መሬቱን አይደለም የማነሳው" አለው። እትዬ ሳቁ። እሱም ሳቀና አንዴ ቀና አለ።

ያ ፊልም ሳይታጠብ ነው ኃይሉ የተወሰደው። "ለአጭር ጥያቄ ነው" ብለው ጠሩት። ኮቱን እንኳ አልያዘም፤ በዚያው ቀረ።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማለት ማን ከማን ጎን እንደቆመ የሚናገር ምስክር ነበር። አያቴ የቤቱን ፎቶ ሁሉ ሰብስበው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ አይታወቅምና አንድም ሰው አልከለከላቸውም። ከዚያ በኋላ አንድ የገበያ ቀን እትዬ ጨው ሲገዙ ፎቶ አንሺው አጠገባቸው ቆሞ ቆርቆሮዋን ዘንቢላቸው ውስጥ ጣላት።

"እኔ አላጠብኩትም። አንቺም አላየሽኝም" አላቸውና ሄደ።

ቤት ሲፈተሽ ጣሪያ ይነሳል፣ ወለል ይቆፈራል፣ ፍራሽ ይቀደዳል። ቀፎ ውስጥ ግን ማን እጁን ይከታል?

"መንግሥት ሲለወጥ ለምን አላሳጠቡትም?" አልኳቸው።

"መንግሥት ይለወጣል። ዩኒፎርም ያው ዩኒፎርም ነው" አሉኝ። ቆርቆሮዋን በመዳፋቸው ጨበጡና፣ "ደግሞ ያኔ ፊቱ ነበረኝ። ዓይኔን ስጨፍን አየው ነበር። አንቺ እያደግሽ ስትመጪ ነው የጠፋብኝ። አሁን በሕልሜ ሲመጣ ልብሱ አለ፣ ጫማው አለ፣ ፊቱ ባዶ ነው። ኢንተላ ኮ፣ ዓይኔ ሳይሄድ አንዴ አሳዪኝ" አሉ።

ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ነው የሚሉኝ። በኦሮምኛ ሲለምኑኝ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልም።

እንግዲህ እኔ ምን አደረግሁ? አነበብኩ። ጥንቁቅ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ማንበብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን ፊልም የሚያጥቡ አንድ ሽማግሌ ተገኙ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ግን ጨለማ ክፍላቸውን ሊዘጉ ነው። ስለዚህ ከጅማ በአውሮፕላን።

ጎግል እንዲህ አለኝ፦ ያልታጠበ ፊልም ወደ ዕቃ መጫኛ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ በፍጹም አታስገቢ፤ የዚያ ማሽን ጨረር ኃይለኛ ነው። በእጅሽ ያዢ፣ በእጅ እንዲፈተሽልሽም ጠይቂ። አንዴ ማለፍ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ጉዳቱ ግን ይጠራቀማል። ባለፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ሲታጠብ እንጂ አይታወቅም።

ይህቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። "እባክዎን በእጅ ይፈተሽልኝ።" "በእጅ ይፈተሽልኝ፣ እባክዎን።" እትዬ ከጓዳ እየሰሙ ነበር።

"ለዩኒፎርም ልትሰጪው ነው?"

"አሁን ደንቡ እንዲህ ነው እትዬ። ስንነግራቸው ነው የሚተርፈው።"

ሰም ማቅለጥ ጀመሩ። እኔ የተስማሙ መሰለኝ። ሻንጣዬን ሲያዘጋጁልኝ፣ ለሽማግሌው የሚሆን ማር በፕላስቲክ ዕቃ ሲያስገቡልኝ፣ ቆርቆሮዋን በአዲስ ሰም አሽገው በእጄ ሲያስጨብጡኝ አመሰገንኳቸው።

ወደ ጅማ ስንሄድ ከበደሌ በኋላ ጉም ወረደ። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከአጠገቤ ያለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። መንገድ ላይ የሚሳፈረው ሁሉ አጎንብሶ ያይና አልፎ ኋላ ይሄዳል፣ ይጣበባል። አንዲት እናት "ሰው አለበት?" አሉኝ። የለም ልል አፌን ስከፍት "አዎ" የሚል ቃል ወጣ። ረዳቱም አልተቃወመም።

እስካሁን ለምን አዎ እንዳልኩ አላውቅም።

ኤርፖርት ደረስኩ። ሻንጣዬን በሩ ላይ ያለው ማሽን ውስጥ ያለ ሐሳብ ለቀቅኩት። ማሽኑ ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀበቶውን አቆመ። ወደ ኋላ መለሰ። እንደገና ወደ ፊት። ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ስክሪኑን አየ።

"ውስጡ ምንድን ነው?"

"ማር ነው።"

"ማር ብቻ?"

"ማር ብቻ።"

እንደገና መልሶ አሳለፈው። ፊቱ ላይ የነበረውን መደናገር ያኔ አላስተዋልኩም፤ ዓይኔ ቆርቆሮዋ ላይ ነበር።

ከዚያ ሻንጣዬን ለጭነት አስረከብኩ፤ የእጅ ዕቃ መፈተሻው ጋ ተራዬ ደረሰና ያን የተለማመድኩትን ተናገርኩ።

"ፊልም? ፍላሽ ላይ የተጫነ?" አለኝ ፈታሹ።

"የድሮ ነው። ካሜራ ውስጥ የሚገባ፣ ያልታጠበ።"

"ምኑ ነው የሚታጠበው?"

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ፣ "እህት፣ አውሮፕላኑ እኮ የአጎታችን አይደለም" አሉ። የአጎቴ ነው ልላቸው ምንም አልቀረኝም። የፈታሾቹ አለቃ፣ አንዲት ሴት፣ ተጠራች።

"እህቴ፣ ማሽኑ ሰው አይበላም" አለችኝ በትዕግሥት።

"ፊት ይበላል" አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ጠንካራ ነበር፣ ትንሽም ወፈር ያለ። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሴትዮዋ ጓንቷን አጠለቀች። ሰሙን በጥፍሯ ፋቀች። ክዳኑን አዞረች።

ሽታው ቀድሞ ወጣ።

ነጭ ሽንኩርት! የተላጠ፣ በሥርዓት የተደረደረ።

አለቃዋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ "እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርት ኤክስሬይ አይጎዳውም" አለችኝ።

"በርበሬውንም በእጅ አስፈትሺና እንሂድ" አሉ ሰውዬው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ብቻዬን ወለሉን እያየሁ ስልክ ደወልኩ።

"ለዩኒፎርሙ ሰጠሽው?" አሉኝ እትዬ፣ ሰላምታም ሳይቀድም።

"ሰጠሁ።"

"እና ምን አገኘ?"

"ነጭ ሽንኩርት።"

"እሰይ። ከክፉ ዓይንም ይጠብቅሻል።"

"እትዬ፣ ፊልሙ የታለ?"

"ማሩ ውስጥ ነዋ። በሰምና በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ማር ውስጥ ማን እጁን ይከታል?"

ሻንጣዬ በዚያች ደቂቃ ከማስረከቢያው ባንኮኒ ጀርባ ወደ ትልቁ ማሽን እየገባ ነበር። በመጋረጃው ክፍተት ጫፉን አየሁት። ከዚያ አላየሁትም።

አትፍረዱባቸው። እሳቸው በሕይወት የተረፉት ለዩኒፎርም እውነተኛውን ባለመስጠት ነው። ደንቡ ተለውጧል ብዬ ስነግራቸው የሰሙት እንዴት ይመስላችኋል? እኔ የነገርኳቸው ካነበብኩት ነው። እሳቸው የሚያውቁት ከደረሰባቸው።

አዲስ አበባ ያሉት ሽማግሌ ፊልሙን ሲቀበሉኝ አሸተቱት። "ልጄ፣ ብዙ ነገር አጥቤያለሁ፤ ጣፋጭ ሲመጣልኝ ግን ገና ዛሬ ነው" አሉ። ከጨለማ ክፍላቸው ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አልነበረም። ፊልሙ ላይ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጉም ያለ ነገር በማዕበል በማዕበል ተኝቶበታል። "ዕድሜውም አለ፣ ማሽኑም አለ። የትኛው ምን እንዳደረገ አልምልልሽም" አሉኝ።

ግድግዳው ጠፍቷል። አዲሱ ቀሚስ ጠፍቷል። ሙሽራዋ እትዬ ደብሪቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል።

አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ጉሙ ለሁለት ተከፍሎ መካከሉ ላይ አንድ ፊት ቀርቷል። ጥርት ያለ። አንገቱን ደፍቶ ከሽፋሽፍቱ ሥር የሚያይ። ቀና ያለበት ፎቶ ከጠፉት ጋር ጠፍቷል።

ሽማግሌው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። እኔን አዩኝ። እንደገና እሱን አዩት። ከዚያ መብራቱን ወደ እኔ አዞሩልኝ።

ፀጉሬን አሳጥሬ፣ የወንድ ሸሚዝ ለብሼ፣ ሳልወለድ የተነሳሁት ፎቶ ነበር።

ቅንድቡ የእኔ ነው። አገጩ የእኔ ነው። ማፈሩም የእኔ ነው። ሴልፊ ላይ ስሸሸው የኖርኩት ሰውዬ እዚያ ቀድሞኝ ቆሟል። ፈራሁ፣ ደግሞ ደስ አለኝ። እትዬ ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን? ፊቱ አልጠፋም፣ ቤትዎ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ኖሯል ልላቸው ነው። መንገዱን ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ተለማመድኩ።

ዛሬ ሁሩሙ ገባሁ። በራፋቸው ላይ፣ ብርሃን ባለበት አስቀመጥኳቸውና ፎቶውን እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። አቀረቡት። አራቁት። በጣታቸው ጉንጩን ዳሰሱት።

"ይህማ አንቺ ነሽ" አሉ።

"አይደለም እትዬ፣ እሱ ነው። ኃይሉ ነው።"

ፈገግ አሉልኝ፣ ሕፃን ሲዋሽ እንደሚታየው። ፎቶውን ገልብጠው ጀርባውን ፈለጉ።

"አንቺ ነሽ፣ አውቅሻለሁ። ኢንተላ ኮ፣ እሱ የታለ?"

ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ገብቻለሁ? ደብተሬን ይዤ፣ ውሃ ቀድቼ፣ ለዕረፍት መጥቼ። ባለፍኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ። ጉዳቱ ይጠራቀማል፣ ሲታጠብ እንጂ አይታወቅም።

ከዚያ ፎቶውን እንደገና ወደ ዓይናቸው አስጠጉና ተቆጡኝ።

"ፎቶ ላይ እንኳ መሬት ታያለሽ? ቀና በይ እንጂ፣ መሬቱን አይደለም የሚያነሳው።"

ቀና አልኩ። ከጓሮው፣ ተመልሶ ከተሰቀለው፣ ንብ ገብቶበት ከማያውቀው ከዚያ ቀፎ፣ የንብ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ይኸው ነው። ፊልምን ከማሽን ስለ መጠበቅ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤያለሁ፣ የፈለገ ይጠይቀኝ። የሞተ ሰው ፊት ከእህቱ ልጅ እንዴት እንደሚጠበቅ የጻፈ ግን አላገኘሁም። የምታውቁ አላችሁ?